የመቀሱ ዳኝነት

ልጄ ፈተናውን ካለፈች ውጭ አገር ሄዳ ትማራለች ተባለና ቤታችን በእንግሊዝኛ ተወረረ። ተራው አልበቃ ብሎ፣ ምላስ የሚሰብር ከባድ ከባዱ ቃል ተመርጦ ነው የምታጠናው። በካርቶን ቁራጭ ላይ ባንድ በኩል ቃሉን በኛው ፊደል፣ ከጀርባው ፍቺውን ትጽፋለች። ጠያቂዋ ደግሞ አባቷ ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ እንግሊዝኛ አያውቅም። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ቃሉን ያነብላታል፤ ስትሳሳት በመቀሱ ጠረጴዛውን ኳ ያደርጋል። ስታውቀው ዝም ነው። «ጎበዝ» የምትባል ቃል ከአፉ አትወጣም።

«አንቺም ብትማሪ ምን አለ?» ይለኛል።

«እኔ ያንተን ኩርፊያ መተርጎም ይበቃኛል» እለዋለሁ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የባሌን ሳል «የጨርቅ አቧራ ነው» እያልን ስንቀልድበት ከረምንና ሆስፒታል አስተኙት።

ዛሬ ጠዋት ትልቁ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። በባሌ አናት ላይ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩበት፤ እኛን እንደ ወንበር ቆጥረውናል። በገንኩ። ልጄ ግን ክው ብላ ቀረች። ሐኪሞቹ ሲወጡ እጇን ያዝኳት።

«ምን አሉ? ይድናል?»

«ደህና ነው አሉ፣ እማዬ።»

ባሌ ዓይኑን ገለጠ።

«ፓሊየቲቭ» አለ፣ ልክ ቤት እንደሚጠይቃት። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲያነሳው እኔም ሰምቼዋለሁ።

«አባዬ፣ አሁን ተወው በናትህ።»

«ካርቶኑን የያዝኩልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ፓሊየቲቭ።»

«ቀስ እያሉ . . . ማዳን» አለች።

በጥፍሩ የአልጋውን ብረት ኳ አደረገው።

«በሽታውን ማጥፋት።»

ኳ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። ዝም በዪ ልላት ስል ቀደመችኝ።

«ለማይድን ሰው» አለች፣ «እስኪያልፍ ድረስ ስቃዩን ብቻ ማስታገስ።»

የባሌ ጣት ብረቱ ላይ እንዳለ ነው። አንኳኳ፣ በሞቴ አንኳኳ እያልኩ ጣቱን ጣቱን አየሁ።

አላንኳኳም።