መጨረሻው እኔ ጋ ነው

«ዶክተሩ ነው የገደለው አልኩዎት እኮ!»

ታክሲ ነጂው ይህን ያለው በሹክሹክታ ነበር፤ ችግሩ የእሱ ሹክሹክታ ግቢ ያቋርጣል። አጠገቡ የተቀመጡት ጡረተኛ መምህር፣ ሰፈሩ በሙሉ «ቲቸር» የሚላቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ ልጅ፣ የወንድሙ ሚስት ናት። ራሱ ነው የነገረኝ፣ ፀጉሬን እየከረከመ።»

«ለኔም ራሱ ነው የነገረኝ! ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ! ምላጭ አንገት ላይ ተደርጎ ይዋሻል?»

«ምላጩ ያረፈው ያንተ አንገት ላይ ከሆነ፣ መዋሸት የማትችለው አንተ ነህ እንጂ እሱ አይደለም።»

የሟቹ ልጅ ፔርሙዙን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። በአባቷ ለቅሶ ላይ የምን መግደል ነው ብላ መጀመሪያ ደነገጠች። አባቷን ማንም አልገደለውም። ከፀጉር ቤቱ ወለል ላይ የደንበኛ ፀጉር እየጠረገ ሳለ ልቡ ቆመ፣ በቃ። ቆየት ብላ ግን ሰዎቹ የሚከራከሩት በአባቷ ፀጉር ቤት ስለነበረው ሰማያዊ ልቦለድ መሆኑ ገባት። ከውስጥ በተቆለፈ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ስለተገኘው የእህል ነጋዴ ነው።

ብርጭቋቸውን ሞላችላቸውና አለፈች።  እሷ የምታውቀው ገዳይ ዶክተሩም፣ የወንድሙ ሚስትም አልነበሩም። ፖስተኛው ነበር። እሱንም የነገራት አባቷ ነው።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን «ዳኛው» ነበር የሚሉት። ከመስተዋቱ በላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል። ከመስተዋቱ በታች ደግሞ የወንጀል ልቦለዶች ደርድሯል፤ ሽፋናቸው የተላጠ፣ ጥግ ጥጋቸው በቅባት የወዛ፣ አንዳቸውም የመጨረሻ ገጽ የሌላቸው። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አንዱን ያነሣል፣ ይጠመዳል፣ ሳይጨርስ ተራው ይደርሳል፣ ከዚያ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ፀጉሩ ሲያድግ ተመልሶ ይመጣና አንሶላው አንገቱ ላይ ሲታሰርለት ገዳዩን ይናገራል። ዳኛው ያዳምጣል፤ አዳምጦ ሲያበቃ በማበጠሪያው ግንባሩን መታ መታ ያደርጋል።

«ገጹን የቀደድኩት ቸኳይ ዓይን እንዳያበላሸው ነው። መጨረሻው እኔ ጋ ነው» ይልና ይተርካል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። የሰማ ለሌላ አይናገርም፤ የተናገረ ሁለተኛ ያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ጎልማሶች በዚያ ሕግ ስንት ዘመን እንደ ልጅ ታስረው ኖሩ። ምን ያድርጉ፣ ጺማቸውን ለማን ይስጡ? አሁን ዳኛው ሞተ፤ ሕጉም አብሮት ሞተ፤ ሰዎቹም አፋቸውን ከፈቱ።

አክስቷ ከማጀት ብርጭቆ ታጥባለች። የአባቷ ታላቅ እኅት ናት፤ ገበያ ውስጥ አሮጌ ወረቀትና መጽሐፍ ትሸጣለች። ከለቅሶው ሰው ሁሉ የሷ ድምፅ ነው የተዘጋው።

«አክስቴ፣ አባዬ የቀደዳቸውን ገጾች የት ነው የሚያስቀምጣቸው?»

«የምን ገጽ?»

«የመጽሐፎቹን መጨረሻ ነዋ። ሰዎች እየተጣሉ ነው።»

አክስቷ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው በረጠበ እጇ አፏን ያዘች። «ቀደደ? ወንድሜ? መጽሐፍ? እሱ ወረቀት ሲቀደድ ጥርሱን የሚያመው ሰው! እንደዚያ ሆነው ነው ከኔ የወሰዳቸው፣ ልጄ። ጭራ የሌለውን መጽሐፍ ማን ይገዛኛል? ለስኳር መጠቅለያ ልገነጣጥላቸው ስል ከእጄ ያስጥለኛል። የመጽሐፍ መጨረሻ እኮ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነው፣ ቀድሞ ነው የሚረግፈው።»

«ታዲያ መጨረሻውን በምን ያውቃል?»

«የት ያውቃል!» አለች አክስቷ ብርጭቆውን እየደፋች። «ሰዉ የጠረጠረውን ሲነግረው ያችን ይዞ ይጨርስለታል። ‹ሰው ከኔ ወንበር ሲነሣ ልክ ሆኖ ይነሣ› ይለኝ ነበር። ታውቂያለሽ ብዬ እኮ ነው። አንቺማ ልጁ ነሽ።»

አላወቀችም ነበር።

እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያደገችው በፀጉር ቤቱ አግዳሚ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር ትወረውርና ታነባለች። መገመትን የተማረችው ከዚያ ነው፤ ደግ ሰው ሲበዛ መጠርጠርን፣ የጠፋን ቁልፍ መከተልን። ደብዳቤ ሰጥቶ ስለሚሄድ ሰው አንድ መስመር ብቻ ሲጻፍ ለምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅን። ጣፋጭ ፍርሃት ነበር። ወንበሩ ላይ ያለ ደንበኛ ሲያስነጥስ እንኳ ከቦታዋ ትዘላለች፣ አባቷም በመስተዋቱ ውስጥ አይቷት ይስቃል።

ሰማያዊውን የጨረሰችው ፈተና በወደቀች ሰሞን ነው። ክፍል ደግማለች፣ ጓደኞቿ አልፈዋል፣ ከሰው ጋር መነጋገር ጠልታለች። አባቷ «እሺ፣ ማነው?» ሲላት በእልህ ብቻ «ፖስተኛው» አለች። በመጽሐፉ ውስጥ አንዴ ብቻ ብቅ ያለ ሰው ነው።

መቀሱ ቆመ። አባቷ ዝም ብሎ ቆየ፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛም በመስተዋቱ አያት።

«የማን ልጅ ናት!» አለ አባቷ በመጨረሻ። ከዚያ ተረከላት። ያን ቀን ዝናብ ነበር፣ ግን የፖስተኛው ጫማ ጭቃ አልነካውም፤ ከውጭ የመጣ ሰው እንዴት ጭቃ አይነካውም? መጋዘኑ ውስጥ አድሮ ነበርና ነው። «ከዚህ ሰፈር ይህን ያገኘሽ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት።

ያች ቃል አሳደገቻት ማለት ይቻላል። ሰው «አትችይም» ባላት ቁጥር ፖስተኛውን ታስታውሳለች። ዛሬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ምስክር «እ...» ቢል «እ...» ብላ ትጽፋለች፣ ከራሷ አንዲት ፊደል አትጨምርም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለሷም እነሆ ጠራላት፤ ምነው ባልጠራ! ለሌላው ይዋሽ፣ ለኔስ? አለች በልቧ። አባቷ ሞቶባት ሳለ ተቆጣችው። ቁጣው እንባዋን አላሳልፍ አለ። ሴቶቹም ተያዩ፤ «ልጅቷ አላለቀሰችም እኮ» ተባባሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ቁመቱ የበሩን ጉበን የሚነካ ሰው ነው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። በዳቦ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ተቀምጦ ነበርና ለሷ ሲነሣላት ወንበሩ አብሮት ሊነሣ ምንም አልቀረው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እኅቴ። ሥራ ስገባም ስወጣም ፀሐይ አላይም፤ አልሰማሁም። ዛሬ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ሳየው ነው የነገሩኝ።» ወረቀቱን ገለጥ አደረገው። ሰማያዊው መጽሐፍ ነበር። «ቀጠሯችን ዛሬ ነበር። ሊጡ ኩፍ እስኪል እያነበብኩ ጨረስኩት። እንዲህ ባለ ቀን ይህን ማንሣቴ ነውር ነው፣ ግን...»

«ምንም አይደል፣ ተናገር።»

«ዘበኛው አይደለም። አይደለም አይደል?» ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለማመጥ ማየት ያሳፍራል። «መጽሐፉ ሁሉ እሱን እሱን ይላል። አባቴ ዘበኛ ነበር፣ እኅቴ። ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም፤ ሁልጊዜ ግን መጀመሪያ እሱ ነው። ለዳኛው ይህን ልነግረው ነበር።»

ታክሲ ነጂው ወንበሩን እየጎተተ ቀረበ። «መጣልን! መጽሐፉም መጣ! በይ እኅቴ፣ አሁን ዳኝነቱ ያንቺ ነው። ዶክተሩ ወይስ የወንድሙ ሚስት?»

«ለልጁ ሳይነግራት አይሞትም» አሉ ቲቸር። መነጽራቸውን አወለቁ። «ለሁለታችን ሁለት ነገር ነግሮን ከሆነ ግን፣ እኔ የማውቀው ዳኛው አልነበረም ማለት ነው።»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። አክስቷ ከማጀት ብቅ ብላ በዓይኗ ለመነቻት።

ልጅቷ አባቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በወንበሩ ዙሪያ ቆሞ አየችው። አንድ ሰው ፊቱ ተቀምጦ የሚያምነውን ይነግረዋል፤ እሱም መቀሱን ሳያቆም፣ ጆሮ ሳይቆርጥ፣ ከዚያች እምነት መጨረሻ መሥራት አለበት። ቀላል መስሏት ነበር። አሁን ተራው የእሷ ነው።

«ዘበኛው አልገደለም» አለች።

ዳቦ ጋጋሪው ትንፋሹን ለቀቀ።

«መርዙን ያዘጋጀው ዶክተሩ ነው። ያጠጣችው የወንድሙ ሚስት ናት። አባዬ ለእያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ግማሽ ነው የነገራችሁ። ከተገናኛችሁ ሙሉውን ታገኙታላችሁ ብሎ ነው።»

«አላልኩም ነበር?» አለ ታክሲ ነጂው።

«ያለ ሴትየዋ እጅ ግን የዶክተሩ መርዝ ምን ይሠራል?» አሉ ቲቸር። መነጽራቸውን መልሰው ሲያደርጉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«የመጋዘኑ በር ግን ከውስጥ ነው የተቆለፈው» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሁለቱን ስለፈራ ራሱ ነጋዴው ነው የቆለፈው። መርዙ ቀድሞ ሆዱ ውስጥ እንደነበር አላወቀም። ያወቀው ዘበኛው ነው፤ ብርጭቆውን አሽትቶ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት አቆሙት፣ ግን ለምስክርነት ነው። ዳኛው ሳይቀር ከመቀመጫው ተነሣለት።»

ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ዱቄቱ ጉንጩ ላይ ረጥቦ ነበር። «እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ መሀል ላይ ፖስተኛውን ጠርጥሬው ነበር። እሱስ ምንም የለበትም?»

ሰማያዊውን ሽፋን አየች። ያ ዝናብ፣ ያ ጭቃ ያልነካው ጫማ፣ የቆመው መቀስ። አባቷ ዝም ብሎ የቆየው ለምን እንደነበር አሁን ገባት፤ የወደቀች ልጁን በምን እንደሚያነሣት እየፈለገ ነበር። ያን ያህል ዝም ብሎ ለማንም አስቦ አያውቅም ይሆናል።

«ፖስተኛው ደብዳቤውን ሰጥቶ ሄደ» አለች። «ምንም አላደረገም።»

ድምፅዋ ከዚያ አላለፈም። እንባዋ መጣ፤ ትከሻዋን እያርገፈገፈ፣ ከሁሉም ሰው ፊት። «አባዬ» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ታክሲ ነጂው ባርኔጣውን አወለቀ። ዳቦ ጋጋሪው የተቀመጠበትን ወንበር በእጅጌው ጠረገው፤ ዱቄቱን ጠራርጎ ሲጨርስ ክንዷን ይዞ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።