የኩላሊት ባለአደራ

«አይቀነስም፤» አለ ሾፌሩ፣ የኦክስጅኑን ጭምብል በእጁ ከፍ አድርጎ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጭምብሉን አፉ ላይ ደገመው፤ ዐይኑን ግን ከሐኪሟ ላይ አላነሣም። ሐኪሟ ያንኑ ነገር እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ፣ አስረዳችው፤ የሚውጠው መድኃኒት ካልተቀነሰ ሳንባው አይተርፍም። እርሱም ራሱን በእምቢታ ወዘወዘ። ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ገብቶት እምቢ ያለ ሰው ነበር።

ታላቅ እኅቱ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ከዓመት በፊት የግራ ኩላሊቷን አውጥታ የሰጠችው እርሷ ናት። በዚህ ክፍል ስለ ኩላሊት በተነሣ ቁጥር የሁሉም ዐይን ሳይታዘዝ ወደ እርሷ ይዞራል፤ የሐኪሟም ዞረ። «እስቲ ለአንድ አፍታ ይምጡ፤» ብላ ወደ ውጭ ጠራቻት።

የሐኪሟ ክፍል ሁለት ወንበርና አንድ የእጅ መታጠቢያ ብቻ የሚችል ጠባብ ነበር። ተቀምጠው ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ሐኪሟ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። በደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ዘበኞች አሉ። እነዚህ ዘበኞች ቫይረስን በየሜዳው አያሳድዱም፤ ሥራቸው ቤት ለቤት መዞር ነው። እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ በጓዳው ከሚሠራው ሁሉ ቁራጭ ቁራጩን በደጁ ላይ አውጥቶ ያሳያል፤ ዘበኛውም ያንን ዳብሶ ያልፋል። ባዕድ ቁራጭ ያገኘ እንደ ሆነ ግን ቫይረሱ የገባበትን ሕዋስ እንዳለ ይገድለዋል። የገዛ ሥጋዬ ነው ብሎ አይራራም። ድሉ ሲያበቃ ከዘበኞቹ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ የዚያን ጠላት መልክ ይዘው ለዘመናት ይቀመጣሉ።

«ታዲያ የእርሱን ዘበኞች ምን ነካቸው?» አለች እኅት።

«እኛ አስተኛናቸው። ነቅተው ቢሆን የእርስዎን ኩላሊት ባዕድ ብለው ያጠፉት ነበር። ለእርሱ ብለን አስተኛናቸው፤ እነርሱ ሲተኙ ቫይረሱ ተነሣ። የቫይረሱን መድኃኒት ሰጠነው፤ ለመደውና አልበገር አለ። አሁን የቀረን የሚያስተኛውን መድኃኒት መቀነስ ነው።»

«ሲነቁስ?»

«ቫይረሱን ይይዙታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ኩላሊቱንም ሊይዙት ይችላሉ።» ሐኪሟ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። «ኩላሊቱ ቢጠፋ በማሽን ወደሚደረገው የደም እጥበት ይመለሳል፤ በሕይወት ይኖራል። ሳንባው ከጠፋ ግን መመለሻ የለውም። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። መልሱን ሰምተዋል።»

እኅት ሰምታለች። እርሷን ያንገበገባት ግን ሌላ ነበር። ወንድሟ ከመታመሙ በፊት ከጭነት መኪና ማቆሚያው ጓደኞቹ ጋር አንድ ምሽት አምሽቶ ነበርና፣ ትኩሳቱ የያዘው ከዚያ ነው ብላ ሳምንቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ ቆማ ስትገሥጸው ሰንብታለች። ስለዚህ ፍርዷን የሚያጸናላት ፈልጋ፣ ቫይረሱ ከየት እንደ ያዘው ጠየቀች።

ሐኪሟ ጥቂት አመነታች። «ከኩላሊቱ ጋር የመጣ ነው፤» አለች።

«ከማን ኩላሊት ጋር?»

«ይህ ቫይረስ በብዙ ጤነኛ ሰው ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። እርስዎን ምናልባት በልጅነትዎ ይዞዎት፣ ጉንፋን መስሎ አልፎ ይሆናል። የእርስዎ ዘበኞች ያውቁታል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀና እንዳይል ይጠብቁታል። የእርሱ ዘበኞች ግን አይተውት አያውቁም። ኩላሊቱ ሲሄድ ቫይረሱ አብሮ ሄደ፤ ጠባቂዎቹ እርስዎ ዘንድ ቀሩ።» ቀጥላም፣ ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሁለቱም እንደ ተነገራቸው፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ፣ እርሷ ባትሰጠው ኖሮ ደግሞ ዕድሜውን ከእጥበት ጋር ታስሮ ይገፋ እንደ ነበር አከለች።

በእርግጥ ተነግሯቸው ነበር። የዚያን ቀን ብዙ አደጋ ተቆጥሯል። ወንድሟ በሕመም ደንዝዞ ያንቀላፋ ነበር፤ እርሷ ደግሞ እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ከመስማት ይልቅ እሺ ለማለት ትቸኩል ነበር። ሰው መልካም ሥራውን በሌላ ሰው ፊት ሲሠራ ጆሮው ይደፈናል።

በኮሪደሩ ስትመለስ እግሯን ጎተተች። የሰጠችው ቀላል አልነበረም፤ ይህን ማንም ሊክዳት አይችልም። በምትሠራበት የመጋረጃ መስፊያ ቤት ከባድ ጥቅል ማንሣት ስለ ተከለከለች ከቆራጭነት ወርዳ ጠርዝ አጣፊ ሆናለች። እጮኛዋ የነበረው አናጢ ኩላሊት መስጠቷን መጀመሪያ ሲሰማ አልቅሶ ነበር፤ ኋላ እናቱ፣ «ጎዶሎ ሴት ምን ልትወልድልህ?» ሲሉት፣ መጀመሪያ ስልኩ አነሰ፣ ቀጥሎ እግሩ ቀረ። ለዚህ ሁሉ የተከፈላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዘመድ መካከል ያገኘችው ክብር። እናቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከወንድሟ በፊት እርሷን ያስተዋውቃሉ፤ ታላላቅ አጎቶቿ ሳይቀሩ ስትገባ ከመቀመጫቸው ከፍ ይላሉ።

እርሷም በዚያ ክብር አልጠገበችም። ወንድሟ ከባድ ነገር ሊያነሣ ጎንበስ ሲል፣ «ተው፣ የኔ ነው!» ትለዋለች። በሰው ሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ ቢያነሣ፣ «በእኔ ኩላሊት ነው የምትጠጣው?» ትለውና ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እርሱም አብሮ ስቆ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። በሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ ሲያገኝ፣ «ይዘኸው ልትሄድ ነው?» ብላ አንድ ቀን አኮረፈች፤ ቀረ። የመኪና ማቆሚያው ጓደኞቹ ስሙን ትተው «ባለአደራው» ይሉት ጀመር። «ባለአደራው፣ እቃው ደኅና አደረ ወይ?» እያሉ ወገቡን ዳሰስ ያደርጉታል። ቀልድ ነበረ። ቀልድ ሆኖ የቀረላቸው ግን ለእነርሱ ነው።

ስትገባ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ደረቱ ሽቅብ እየተጎተተ ይወርዳል። ወንበሩን ሳበችና ጆሮው አጠገብ ተቀመጠች።

«ይቀንሱልህ፤» አለችው። «ኩላሊቱ ይጥፋ። ሥጋ ነው።»

ዐይኑን ገለጠ። «እትዬ፣ አታድክሚኝ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ። እኔ ይጥፋ ካልኩ ምን ቀረህ?»

«ዛሬ ሥጋ ነው ትያለሽ፤» አለና ትንፋሽ ወሰደ። «የዛሬ ዓመት ደግሞ፣ በዘመድ መካከል፣ 'እኔ ከገላዬ ቆርጬ ሰጠሁት፣ እርሱ አላውቅበት ብሎ ጣለው' ትያለሽ። አትዪም?»

አልልም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከዚህ የባሰም ብላ ታውቃለች።

«አየሽ፤» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ የታሰበ ነገር ብቻ ነበር። «እጥበት ላይ ተኝቼ አንቺን ከማይ፣ ይዤው ልሙት። ያን ጊዜ ቢያንስ አደራውን ጠበቀ እባላለሁ።»

እኅት በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ተገለጠላት። ሐኪሟ ሳንባውን የሚበላውን ጠላት በስሙ ጠርታዋለች፤ መድኃኒቱን እንዳያስቀንስ እጁን የያዘው ግን ቫይረሱ አልነበረም። ይቅርታ ብትለምነው አያምናትም፤ ብትለቀውም ነገ መልሳ እንደምትይዘው ያውቃል። ከዕዳው የሚወጣው ዕዳው ራሱ ሲረክስ ብቻ ነው። ይህን የማርከስ ሥልጣን ደግሞ ያለው በእርሷ አፍ ውስጥ ነበር።

ነገረችው። ሳታሳምር ነገረችው፤ በሽታው ከጓደኞቹ እንዳልያዘው፣ በገዛ ኩላሊቷ ውስጥ ተኝቶ እንደ ሄደ፣ የሚያውቁት ዘበኞች እርሷ ዘንድ እንደ ቀሩና እርሷ በእነርሱ ጥበቃ ጤነኛ ሆና ስትገሥጸው እንደ ከረመች።

እርሱ ጭምብሉ ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ አጎበጠው፤ ፕላስቲኩም በጉም ተሸፈነ። ሳሉ ሲለቀው፣ «ሳምንቱን ሙሉ፣ 'ከእነዚያ ዱርዬዎች ያመጣኸው ነው' ስትዪኝ ነበር፤» አለ።

«አላወቅሁም ነበር።»

«እኔም አላወቅሁም። ተሰዳቢው ግን እኔ ነበርኩ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበችለት። እርሱም ሐኪሟን ጥሪ አላት። ልትነሣ ስትል ግን እጇን ያዘ።

«መጀመሪያ ለእማዬ ንገሪያት። ከኮሪደሩ ጥሪያትና እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

«እርሷ ይህን ሰምታ ምን ይረባታል? አሮጊት ናት። መድኃኒቱ ይቀነስልህ፣ ስትድን እንነግራታለን።»

«እኔ ብነግራት ውለታ ቢስ ትለኛለች። አንቺ ደግሞ ስድን አትነግሪያትም።» እጇን ለቀቀው። «እስክትነግሪያት ሐኪሟን እሺ አልላትም።»

እኅት ቆመች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። መጋረጃ ቤቱ ውስጥ ጠርዝ የምታጥፍ አንዲት ሴት ናት፤ ከቤተ ዘመዱ መካከል ስትገባ ብቻ ሌላ ሰው ትሆናለች። እናቷ ደግሞ ነገርን በልካቸው የሚይዙ ሴት አይደሉም። ቫይረሱ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ቢነገራቸው፣ ጥፋት የሚለውን ቃል ብቻ ነጥለው ይሰማሉ፤ በማግስቱም ዘመድ ሁሉ ይሰማል። «ያዳነችው» የሚለው በአንድ ሌሊት «የበከለችው» ይሆናል። ከበሩ ሲወጣ ወደ ሐኪሟ ክፍል የሚወስደው በቀኝ በኩል ነው፤ እናቷ የተቀመጡበት በግራ። በቀኝ ሄዳ፣ ፈቅዷል ብላ ሐኪሟን ይዛት ብትመጣ፣ በሐኪሟ ፊት ምን ሊል ይችላል? ያንን አሰበች። የአልጋው ላይ ደረት ከኋላዋ ሽቅብ ሲጎተት ይሰማታል።

በሩን ከፈተችና ወደ ግራ ዞረች።

እናቷ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ፊቷን አይተው መልሱን የገመቱ መሰላቸው። «እሺ አሰኘሽው አይደል? አውቄያለሁ። አንቺን የማይሰማ ማን አለ?» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም በልብሷ ላይ ጠባሳው ያለበትን ጎኗን ሳሙት። «የልጄ መድኃኒት፣ እኔ ልሙትልሽ።»

እኅት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። በሩን ዘጋችው። በወንድሟ ራስጌ በኩል ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና፣ እርሷ ቆመች። ወንድሟ ጭምብሉን አስተካክሎ ፊቱን ወደ እነርሱ መለሰ።

«እማዬ፣» አለች፤ «እስክጨርስ ድረስ አታመስግኚኝ።»

ከዚያም ጀመረች።