የቄስ ወልደ ሥላሴ ቀኝ እጅ

የፍልሰታ ጾም በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ጸሎተ ሃይማኖት እንዳለቀ፣ ዲያቆኑ በቄስ ወልደ ሥላሴ እጆች ላይ ውኃ አፈሰሰ። ግራ እጃቸውን ቀዘቀዛቸው። ቀኙ ግን ምንም አልተሰማውም። ውኃው በጣቶቻቸው መካከል ሲወርድ በዓይናቸው ያዩታል፤ እጁ የሌላ ሰው ሆነባቸው።

"ጨምር" አሉት ዲያቆኑን ቀስ ብለው።

ጨመረ። አሁንም የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ መንበር ፊት ሲቆሙ አንድ ቀን እንኳ እጃቸው ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ጥቂት ቆይተው ቅዱስ ሥጋውን በዚሁ እጅ ይዘው ያቆርባሉ። ሜዳው በክረምቱ ጎርፍ ተጥለቅልቋልና ከየጎጡ በታንኳ የመጣ ሕፃንና ሽማግሌ ይጠብቃቸዋል። ቢወድቅባቸውስ?

ምክንያቱን ያውቁታል። ይበልጥ ያስፈራቸውም እሱ ነው። ሰኔ ላይ ወረታ ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። ማስተዋል የምትባለው ነርስ ክንዳቸውን አስራ የደም ግፊታቸውን ስትለካ ፊቷ ተለወጠ።

"አባቴ፣ በበጋ ሽንኩርትዎን በፓምፕ አይደል የሚያጠጡት?" አለቻቸው።

"አዎ፣ ልጄ።"

"አዲስ የፓምፕ ጎማ ውኃው ሲገፋው ለጠጥ ይላል። ዓመት ሙሉ ፀሐይ የመታው ግን ይደርቃል፤ አይለጠጥም፣ አንድ ቀን ይተረተራል። የእርስዎም የደም ሥር እንዲያ እየደረቀ ነው። ዕድሜው አለ፣ ጨው ማብዛቱ አለ። ከሁሉ የባሰው ግን ሳይታከም የኖረው የደም ግፊት ነው። የደረቀ የደም ሥር ደግሞ መልሶ ግፊቱን ያባብሰዋል። ልብ ያደክማል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዓይን ያፈዛል። አንጎል ውስጥ ከተዘጋ ወይም ከፈነዳ ግማሽ ሰውነት ይዞ ይሄዳል።"

ክኒን ሰጠቻቸው፤ በየጧቱ አንድ። ሐምሌን ሙሉ ዋጡ፤ ራስ ምታቱም ለቀቃቸው። ነሐሴ ሲብት ግን ጾሙ ገባ። ቀዳሽ ካህን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጠብታ ውኃ አይቀምስም፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ ክኒኑን ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ቅቤውና ሥጋው ከቀረ ደሙም አብሮ የሚጾም መሰላቸው። ማታ ማታ ግን ጨው የበዛበት ሽሮና በጨው የታሸ ቃሪያ ጠግበው ይበሉ ነበር። "ማታ ብውጠውስ?" ብለው ነርሷን መጠየቅ ደግሞ አሳፈራቸው። ከጾሙ ጋር የሚከራከሩ ይመስልባቸዋል።

አሁን እጁ እንደ ድንጋይ ከበደ። ቢናገሩ ሕዝቡ "ምን ኃጢአት ተገኝቶባቸው ይሆን?" ማለቱ አይቀርም። ዝም ቢሉስ?

አብረዋቸው በረዳትነት የሚቀድሱት ንፍቁ ቄስ ኪዳነ ማርያም አጠገባቸው ቆመዋል።

"ቄስ ኪዳነ ማርያም" አሉ፤ ምላሳቸውም መተሳሰሩን ያኔ ነው ያወቁት። "ቀኝ እጄ ከዳኝ።"

ቄስ ኪዳነ ማርያም ዞር ብለው ሲያዩ የጓደኛቸው አፍ በአንድ ወገን ወረድ ብሏል። ደነገጡ።

"እርስዎ ይቀመጡ። እኔ እፈጽመዋለሁ።"

"ሕዝቡ…"

"ሕዝቡን ለእኔ ይተዉት። ሥጋውን ከመጣል መናገር ይሻላል። ይቀመጡ አልኩዎ!"

መጋረጃው ሥር ተቀመጡ። ቀዳሽ ሳያሰናብት አይወጣምና እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባቸው። በግራቸው ቀኛቸውን ቆነጠጡት፤ ጥፍራቸው ቆዳውን ሲቀላው ያያሉ እንጂ አያምም። እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው? በአንድ እጅ ማን ይቀድሳል?

ሕዝቡ ሲሰናበት ሚስታቸው እናኑ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው።

"አንቱ ሰው! ምን ሆኑ? ክኒኑን አልዋጡም?"

"ሣጥን ውስጥ ነው።"

"ሣጥኑን ነው እንዴ የሚያመው?" አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ክንዳቸውን ያዘች።

በታንኳ ውኃውን ተሻገሩ። አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አገኙ። ወረታ ሊደርሱ ሲሉ ጣቶቻቸውን ነዘራቸው፤ ቀስ በቀስም ተንቀሳቀሱ።

"ተመለሰ! እናኑ፣ እዪ! በቃ እንመለስ።"

"ቢወርዱ ተሸክሜ ነው የማደርስዎት!"

"እትዬ፣" አለ ባለባጃጁ፣ "እርስዎ ተሸክመው የሚያደርሱ ከሆነማ እኔ ባጃጄን ልሽጣታ!"

እናኑ አልሣቀችም። ቄሱ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ይዘረጋሉ።

ማስተዋል ግፊታቸውን ለካች። ሁለት መቶ ዐሥር በመቶ ሃያ። የሆነውን ሁሉ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

"ማታ እህል ሲቀምሱ ይዋጥ ነበርኮ። ምነው ቢጠይቁኝ?"

"ግን እጄ ተመለሰ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ መዳፍዎ ወደ ላይ ይሁን። እስክነግርዎ እንዳይገልጡ።"

ዘረጉ። ሁለቱም እኩል የቆሙ መሰላቸው። በልባቸው "አቤቱ ማረን" ማለት ጀመሩ። ዐሥር ጊዜ ሳይሞላ እናኑ "ወይኔ!" ስትል ሰሙ። ለምን እንዳለች አልገባቸውም። ዓይናቸውን መግለጥ ፈሩ።

"ይግለጡ" አለች ማስተዋል።

ግራቸው እንደተዘረጋ ነው። ቀኛቸው መዳፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። ሲወርድ አላወቁትም።

"ገና አልለቀቀዎትም፤ ከዚህ የባሰም ሊመጣ ይችላል" አለች ነርሷ። "አሁኑኑ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ይሄዳሉ። አምቡላንስ ልጥራ።"

ቄስ ወልደ ሥላሴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ለቄስ ኪዳነ ማርያም ላኪባቸው። ነገ ሌላ ቀዳሽ ይፈልጉ። ከነገ ወዲያም።"

"ሕዝቡ ምን ሆኑ ሲለኝስ?"

"መድኃኒቱን በጾም ስለተወ ነው በዪ። እንደኔ የተዉ ብዙ አሉ። ዛሬ ማታውኑ ይዋጡ።"

ይህን ብለው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አነሡና ጭናቸው ላይ አኖሩት።