ያልታጨደው ዳርቻ

እኔ የወንዝ ዳር ገምጋሚ ነኝ። ዳርቻው ላይ ቆሜ ሣሩን፣ ቁጥቋጦውንና ውሃው ጠርዝ ላይ ያለውን ሸምበቆ ካየሁ፣ ወንዙ ደህና ይሁን የታመመ እነግራችኋለሁ። በዚህ ሥራ ተሳስቼ አላውቅም፤ ጉራ ካላችሁትም ጉራ ይሁን።

በሰኔ ሂሩማ መንደር ስደርስ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ዳርቻው ተላጭቷል። ከድልድዩ እስከ ታችኛው መታጠፊያ አንድ ቅጠል አልቆመም። የታጨደው ሁሉ በየዓይነቱ ታስሮ መንገድ ዳር ተደርድሯል፤ የእስሩ ጫፍ ሳይቀር እኩል ተከርክሟል።

የሰፈሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ኩራሞቺ ሳን አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው በኩራት ይጠብቁኛል።

«ፁኩዳ ሳን፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አጨደ። ንጹሕ አይደለም?»

«በጣም ንጹሕ ነው» አልኩ። «እኔ ግን የመጣሁት ያጨዳችሁትን ለማየት ነበር።»

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

አልፈረድኩባቸውም። እናቴም የጽዳት ሠራተኛዋ ከመምጣቷ በፊት ቤቱን ራሷ ታጸዳ ነበር፤ እኛ እንዲህ ነን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ዳርቻው ዝቅተኛ ነጥብ ካገኘ በብርዱ ወራት ሲሚንቶ ሊለብስ ተወስኗል። ኩራሞቺ ሳን ልጅ ሆነው ዋና የተማሩት እዚያው ነው።

«የሌለ ነገር አልመዝንም» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ደግሜ መምጣት እችላለሁ፤ በጥቅምት እመጣለሁ። እስከዚያ ወንዙ ዳር ማጭድ እንዳላይ።»

«አረሙንስ?»

«እሱንም አትንኩ።»

«ከማዶ ያሉት ምን ይሉናል?»

«ሰነፍ ይሏችኋል። ይበሏችሁ።»

«ሰነፍ ከሚሉኝስ ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል» ብለው አጉተመተሙ።

በጥቅምት ስመለስ ሸምበቆው ትከሻዬ ደርሷል። የገመድ ካሬዬን እየዘረጋሁ ውስጡ የበቀለውን መዘገብኩ። ሣሩ መሃል የክር ኳስ የሚያህል የአይጥ ጎጆ ተንጠልጥሎ አገኘሁና ደስ አለኝ፤ የሣር አይጥ በታመመ ዳርቻ አይኖርም።

ከማዶ አንዱ የማጨጃ ሞተሩን አጥፍቶ ጮኸ። «ኩራሞቺ ሳን፣ ሂሩማ ማጭድ አለቀ እንዴ? ላውስዎት?»

ኩራሞቺ ሳን ፊታቸውን ወደ ሸምበቆው አዞሩ። ጆሯቸው ግን ቀላ።

«ደረጃው ጥሩ ነው» አልኳቸው ስጨርስ። «ሲሚንቶው ቀርቷል።»

ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። ሻይ ካልጠጡ አይሄዱም ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ግቢያቸው በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። መረማመጃ ድንጋዮቹ አይታዩም፤ የፖስታ ሳጥኑን ሐረግ ውጦታል። ባለቤታቸው ቺዙኤ ሳን በኀፍረት ጎንበስ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልን። ከሰኔ ጀምሮ አንድ አረም እንድነቅል አልፈቀደልኝም። እሱም ራሱ ማጭድ አልነካም፤ ‹እጄ እዚህ ከጀመረ ወንዙ ጋ ሳይደርስ አይቆምም› ይላል።»

ኩራሞቺ ሳን ከጀርባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ጨርሰዋል አይደል?»

«ጨርሻለሁ።»

ማጭዳቸውን ከግድግዳው ላይ አወረዱ፤ ዝጎ ነበር። ከቤቱ ደፍ ጀምረው አጨዱ፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቀና አላሉም። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆመው ታች ወንዙን አዩ። ከዚያ ዞረው ማጭዱን ለባለቤታቸው ሰጡ።

«ደብቂልኝ» አሏቸው።