ስድሳ ላሜራ

ጋሽ ዓለምነው ቆሰበር ከተማ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት በርና መስኮት በይደዋል። ዝገት ደመኛቸው ነበር። ልጃቸው ሰውነት ለዶክትሬት ጥናቱ መዳፍ መዳፍ የሚያህል ስድሳ ላሜራ አስቆርጧቸው፣ ጓሮ ረብራብ ላይ ለዝናብ ሲያሰጣው ጊዜ ጎረቤታቸው ይኸነው አጥሩን ተደግፎ ሳቀባቸው።

«ጋሼ፣ ሰው ብረቱን ከዝገት ያድናል፤ የእርስዎ ልጅ ተምሮ ተምሮ ለዝገት ይሰጣል?»

ሰውነት ግን፣ «አባባ፣ አደራዎን እንዳይነኳቸው» አለ። «አሁን መዝኛቸዋለሁ። ሦስት ክረምት ሲያልፍ ዳግም እመዝናለሁ። የኛ ዝናብ ምን ያህል ብረት እንደሚበላ የማውቀው ያኔ ነው።»

አንድ ምሽት ደጅ ተቀምጠው ስለ ጽሑፉ መጀመሪያ አጫወታቸው። ትልልቆቹ ኮከቦች በሆዳቸው እሳት ያነዳሉ፤ የሚነደው አልቆ ሆዳቸው ብረት የሞላ ዕለት ይሞታሉ። ብረት አያሞቃቸውም። የኛም ብረት የመጣው ከነሱ ነው።

«እንግዲያ ዕድሜዬን ሙሉ የኮከብ ሬሳ ነዋ ስበይድ የኖርሁት!» አሉ ጋሽ ዓለምነው። ልጅየው እስኪያስለው ሳቀ።

ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ጳጉሜ ላይ፣ ሰውነት የተሳፈረባት ሚኒባስ በዳንግላ መንገድ ተገለበጠች።

የአርባው ዋዜማ ጋሽ ዓለምነው ለእንግዳ የሚሆን ቦታ ሊያሰናዱ ጓሮ ወጡ። ላሜራዎቹ ቀይ ዱቄት እያራገፉ ተደርድረዋል። ልጃቸው አፈር ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ያሳዩዋቸው መሰላቸው። አደራውን አልረሱትም። ግን ባለቤቱ የሞተበትን ትምህርት ማን ይጨርሰዋል? የሽቦ ብሩሽ አመጡ። አንድ በአንድ እስኪያበራ ፈተጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ዝገት የሚከላከለውን ቀይ አንቲረስት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ቀን እፎይ ብለው አያውቁም።

አርባው በወጣ በሦስተኛው ቀን የሰውነት የትምህርት ጓደኛ ብሥራት ሳጥን ታቅፎ ከባጃጅ ወረደ። ሳጥኑ ውስጥ ሚዛን ነበር።

«ጋሼ፣ መምህራኑ ፈቅደዋል። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀረችው የላሜራዎቹ የመጨረሻ ልኬት ናት። እሷን ከሞላሁ ማዕረጉ በስሙ ይሰጣል። ዶክተር ሰውነት ዓለምነው ተብሎ ይጠራል።»

ጋሽ ዓለምነው ወደ ጓሮው ዞረው አዩ። «ቀደም ብለህ ምነው አልነገርኸኝ?»

«ለቅሶ ላይ ማዕረግ ይወራል? ነውር ሆኖብኝ አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ።»

ጓሮ ወሰዱት። ብሥራት ከረብራቡ አንዱን ላሜራ አንስቶ ገለባበጠው።

«ማን ቀባቸው?»

«እኔ። ቀለሙ በቤንዚን ይለቃል፤ አሁኑኑ ላስለቅቀው!»

«ቀለሙስ ይለቃል፣ ጋሼ። ዝገቱንም ቢሆን እኛው በመድኃኒት ነበር የምናነሳው፣ ብረቱን ሳንነካ። በሽቦ ሲፈተግ ግን ብረቱም አብሮ ሄዷል። ዝናቡ የበላውንና እጅዎ የበላውን ከእንግዲህ ማን ይለየዋል?»

«ሌላ ስድሳ ልቁረጥ።»

«ሦስት ክረምት ይፈልጋል። የፈቀዱልን እስከ ሰኔ ነው።»

ብሥራት ሳጥኑን ሳይከፍት ታቅፎ ሄደ። ይኸነው አጥሩ ላይ ብቅ አለና የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተመለሰ።

ያልታሰበ የጥቅምት ዝናብ ጣለ። ጋሽ ዓለምነው መጠለያ አልፈለጉም፤ ረብራቡ አጠገብ እንደቆሙ ውኃው ቀለሙ ላይ እየተንከባለለ ሲወርድ አዩ። ሥራቸው ጥሩ ነበር። አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ብረቱ አልገባችም።