የጋሽ ባልቻ መዳፍ

«እሪታ የለም! በናታችሁ፣ እሪታ የለም!»

ሥርጉት ከፍስሐ ገነት የመጡትን ለቀስተኞች ገና ከሚኒባሱ ሳይወርዱ ደረሰችባቸው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ልትመታ እጇን ያነሳችው ሴትዮ፣ የአባቷ የአክስት ልጅ፣ ክው ብላ ቀረች።

«ወንድሜ ሞቶ ዝም በይ ነው የምትይኝ?»

«ልጅቷ አልሰማችም፣ እትዬ። እዚሁ ጎረቤት ናት።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ አፍና ወደ ድንኳኑ ገባች።

ዲላ ከተማ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይታ አታውቅም። የሥርጉት አባት፣ የልጆች መጽሐፍ ደራሲው ጋሽ ባልቻ ከተቀበረ ወዲህ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል። ቡና የሚያድሉት የእድር ሴቶች ሲኒ ከሲኒ እንዳይጋጭ ይጠነቀቃሉ። ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች እንኳ ሲያሸንፉ ጠረጴዛ አይመቱም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለልጅ ልጁ ለኤልሮኢ ነው። «አያትሽ ይርጋጨፌ ላሉ ልጆች ሊያነብ ሄዷል» ተብላ ጎረቤታቸው ሚስራ ቤት ተቀምጣለች።

ሥርጉት ፈርታለች። ለአባቷ ማልቀሱ እንኳ ገና አልደረሳትም፤ ፍርሃቱ ቀድሞ ቦታውን ይዞታል። ኤልሮኢ የሟች እህቷ ልጅ ናት። የእናቷን ሞት የሰማችው በር ላይ ከጮኸች ለቀስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አንደበቷ ተዘጋ። ክረምቱ መጥቶ እስኪያልፍ አንድ ቃል አልወጣትም። ሐኪሙም ጸሎቱም አልሆነላትም።

አንደበቷን የፈታው ጋሽ ባልቻ ነው፤ ያውም በጅብ። «የጋሼ መጽሐፍ ልጆቻችንን ያስቃዣል» እያሉ ወላጆች ያሙት ነበር። እሱ ግን አንድም ጅብ አልቀነሰም። የሰፈሩን ልጆች ግቢው ካለው አቮካዶ ሥር ሰብስቦ ገና ያልታተመውን ያነብላቸው ነበር። አስፈሪው ሥዕል ጋ ሲደርስ መዳፉን ይዘረጋበታል።

«ጅቡ እዚህ ሥር ነው» ይላል። «የምትችሉትን ያህል ጣቶቼን አንሱ። ያልቻላችሁት ለነገ ይቆያል።»

ኤልሮኢ መጀመሪያ አንድ ጣት ብቻ አነሳች። በሌላ ቀን ሌላ ጨመረች። ጅቡ ሙሉ በሙሉ የታየ ዕለት «ጥርሱ ቆሻሻ ነው!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ባልቻ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያቺን ቃልም እንዳለች መጽሐፉ ውስጥ ከተታት።

ሚስራ በድንኳኑ ጓሮ በኩል መጥታ የሥርጉትን ክንድ ያዘች።

«ሥርጌ፣ ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ አላናገረችኝም። ቁርስም አልበላችልኝ። አሁን ሸለብ ሲያደርጋት ነው ሮጬ የመጣሁት።»

ሥርጉት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማን ነገራት?»

«ወላሂ፣ ማንም አልነገራትም!»

በዚህ መሀል የሰው ሁሉ ፊት ወደ ውጭ ዞረ። ኤልሮኢ በባዶ እግሯ መግቢያው ላይ ቆማለች።

ሥርጉት ሮጣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶ በመዳፏ ሸፈነችው። የልጅቷን ዓይን ስታይ ግን ገባት። ያኔ፣ በእናቷ ለቅሶ፣ ከዚያች ጩኸት በኋላ ትልልቁ ሰው ሁሉ በኤልሮኢ ፊት ያንሾካሹክ ነበር። ልጅቷ ሹክሹክታን ታውቀዋለች። መርዶውን የነገረቻት ሰዉን ዝም ስታሰኝ የሰነበተችው ሥርጉት ራሷ ናት።

«ኤልዬ…» አለች። ልጅቷ እንደገና ዝም ትል ይሆን? አሁን ማን አንደበቷን ይፈታዋል? ጅብ የሚጽፍላት የለም።

ኤልሮኢ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ቀረበች። ፎቶው ላይ ያለውን መዳፍ አየችው። ከዚያ የአክስቷን አውራ ጣት ይዛ ቀስ ብላ አነሳች፤ የአያቷ አገጭ ታየ። ሌላ ጣት አነሳች። ፈገግታው ታየ። ሌሎቹንም አነሳች። አፍንጫው ታየ። በመጨረሻ ትንሿ ጣት ብቻ ዓይኖቹ ላይ ቀረች።

ሥርጉት ራሷ ልታነሳት ስትል ኤልሮኢ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ መልሳ ፎቶው ላይ አስተኛቻት።

«ይቺ ለነገ ትቆይ» አለች።

ሥርጉት ያን ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ጣቷን ግን አላነሳችም።