የዝናሽ ኮርንሮው

አራዳ ገበያ አጠገብ ባለችው ፀጉር ቤቴ መስታወት ላይ «ኮርንሮው እንሠራለን» ብዬ ካጻፍኩ ወዲህ ምን ማለት ነው ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። ያን ቀን ጧት የጠየቀችኝ ዝናሽ ናት፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያው መኪና መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«የበቆሎ መስመር ማለት ነው» አልኳት። «ማሳ ላይ በመደዳ የበቀለ በቆሎ ይመስላል ብለው ነው አሉ ስሙን ያወጡለት። አንዲት እንግሊዝኛ አስተማሪ ደንበኛዬ ናት የነገረችኝ። ለእኔ ያው የእናቴ ሹሩባ ነው፤ ስሙ ነው ፈረንጅ የሆነው።»

«በእኛ ደጋ ገብስ ነው እንጂ በቆሎ የለም» አለች። «የወንዴ ትልም ግን እንዲሁ ቀጥ ያለ ነው። ሸጋ አራሽ ነው።»

ወንዴ ባሏ ነው። ሰሊጥ ሊያርም መተማ ከወረደ ስምንት ወሩ፣ ስልኩ ከጠፋ ስድስት። ዘመዶቹ ሞቷል፣ ፀጉርሽን ተላጭተሽ ሐዘን ተቀመጪ ይሏታል። ልትሠራ የመጣችው እልህ ይዟት ነው። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ «ወንዴ ሲያይሽ እንደ አዲስ ሽማግሌ ይልክብሻል» አልኳት። ሳቀች። ምነው ባላሳቅኋት ኖሮ።

ግማሹን እንደጨረስኩ የወንዴ ታላቅ ወንድም አስናቀው በሩ ላይ ቆመ።

«እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ እንሂድ» አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እስከዚያ ሁሉም ይዋሻል። ይህን ዝናሽም ታውቃለች። አንገቷ እጄ ላይ ድርቅ ሲል ተሰማኝ።

«ተቀመጥ አያ አስናቀው፣ ፀጉሬ አላለቀም» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «ቶሎ አትጨርሽ እቴ። እስኪነግሩኝ ድረስ ወንዴ አለ» አለች።

በእጄ ፍጥነት የምመካው ሴትዮ የሠራሁትን ፈትቼ እንደገና ሠራሁ። አሁንም ፈታሁ። «የታመመችው እውነትም እናቷ ትሁን» እያልኩ አምላኬን ለመንኩት፤ በሰው እናት ላይ ሕመም መለመን ነውር መሆኑን እያወቅኩ።

አስናቀው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አንዴም ቶሎ በሉ አላለም። እናት ታማለች ብሎ የመጣ ሰው እንዲህ አይታገሥም።

ለሦስተኛ ጊዜ ልፈታ ስል ዝናሽ እጄን ያዘችው። እሷም ትዕግሥቱን ስታይ ቆይታለች።

«በቃ» አለች። «ምላጭ አለሽ?»